«ምን ሰማህ?» — የሳይንስ ኒውስሌተሮችና የባልደረባ ጥቆማ

በቀደመው ዘመን ነገሥታቱና መኳንንቱ የሕዝቡን ስሜትና የአገሩን ውሎ ለማወቅ ሲሹ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ እንደነበር አበው ያወሳሉ። ከሹማምንቱ ቃል ውስጥ ያልገባው ነገር በእረኛው እንጉርጉሮ ውስጥ ሊገኝ ይችላልና። በአፋር ሕዝብ ዘንድ ደግሞ «ዳጉ» የተሰኘ የዜና መለዋወጫ ሥርዓት አለ። ሁለት ሰዎች በመንገድ ሲገናኙ ከሰላምታ በኋላ ያዩትንና የሰሙትን በዝርዝር ይለዋወጣሉ። ዳጉ ግን ተራ ጨዋታ አይደለም። ተናጋሪው በዐይኑ ያየውን ከሰው ከሰማው ለይቶ መናገር አለበት፤ ሰሚውም የተረከበውን ዜና ለሚቀጥለው ሰው የማድረስ ኃላፊነት አለበት። ዝናብ የት እንደጣለ፣ የትኛው ጉድጓድ እንደደረቀ፣ ከብት የሚፈጅ በሽታ በየት በኩል እንደገባ ሲታወቅ የኖረው በዚህ መንገድ ነው።

የዛሬው ተመራማሪ፣ ሐኪምና የቤተ ሙከራ ባለሙያስ በሙያው ዓለም የተከሰተውን አዲስ ነገር የሚሰማው እንዴት ነው? ለዚህ ጥያቄ ብዙዎች «በኢንተርኔት ነዋ!» የሚል ፈጣን መልስ ሊሰጡ ይችላሉ። መልሱ ስሕተት ባይሆንም ግማሹን ብቻ ይናገራል። ኢንተርኔት ጎተራ ነው፤ ከጎተራው የትኛውን እህል እንደምንዘግን የሚያመለክተን ግን አብዛኛውን ጊዜ ሰው ነው። በዚህ ጽሑፍ በኢሜይል የሚሠራጩ የሳይንስ ኒውስሌተሮች ከባልደረባ ወደ ባልደረባ በጥቆማ እንዴት እንደሚደርሱ፣ ይህም ልማድ ከሥራ ምቾት አልፎ ለሕይወት ምን ያህል እንደሚጠቅም ለመዳሰስ እንሞክራለን። ማጣቀሻችንም በሰሜን አዲስ አበባ የሚገኘው የጉለሌ ክፍለ ከተማ ይሆናል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናሳስባለን።

ለመሆኑ ኒውስሌተር ምንድን ነው?

ኒውስሌተር በአንድ የተወሰነ ጉዳይ ላይ በየዕለቱ፣ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ እየተዘጋጀ ለተመዘገቡ አንባብያን በኢሜይል የሚላክ አጭር የዜና መጽሔት ነው። ከድረ ገጽ የሚለይበት ዋነኛ ባሕርይ አንባቢው ሊፈልገው መሄድ የማያስፈልገው መሆኑ ነው፤ እርሱ ራሱ ወደ አንባቢው ይመጣል። ከጥናታዊ መጽሔት የሚለየው ደግሞ በምርጫ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ነው። አዘጋጁ ብዙ አንብቦ ጥቂቱን ይመርጣል፤ የመረጠውንም በጥቂት ዐረፍተ ነገሮች አሳጥሮ ዋናውን ጽሑፍ ማንበብ ለሚሻ መገኛውን ያመለክታል።

የምርጫው አስፈላጊነት በአንድ አኃዝ ሊገለጽ ይችላል። ፐብሜድ በተሰኘው የሕክምናና የሥነ ሕይወት ጽሑፎች ማውጫ ውስጥ በየዓመቱ ከ1 ሚሊዮን በላይ አዳዲስ ጽሑፎች ይመዘገባሉ። ይህ ማለት ቀንና ሌሊት ሳይለይ በየደቂቃው ሁለት ገደማ ጽሑፎች ይወጣሉ ማለት ነው። ይህን ሁሉ አንብቦ የሚዘልቅ ሰው የለም። ስለዚህ የአንድ ባለሙያ ጥያቄ «ምን ላንብብ?» ከሚለው በፊት «ማን ይምረጥልኝ?» የሚል ይሆናል።

ጉለሌ — የጤና ዘብ የቆመበት ሰፈር

ይህ ጥያቄ በጉለሌ ልዩ ክብደት አለው። በተለምዶ «ፓስተር» በሚባለው አካባቢ የሚገኘው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የአገሪቱ ዋነኛ የጤና ምርምርና የወረርሽኝ ቅኝት ተቋም ነው። ሰፈሩ ስሙን የወረሰው በዚያው ሥፍራ ከነበረው የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት ነው። ተቋሙ ከዚያ ወዲህ ስሙንና አደረጃጀቱን ደጋግሞ ለውጧል፤ አሁን የሚጠራበትን ስም ያገኘውም በ2013 ነው። ከዚሁ ብዙም ሳይርቅ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ይገኛል። ወደ እንጦጦ ጋራ ሲወጣ ደግሞ በሳንባ ነቀርሳ ሕክምና የሚታወቀውና በ2009 ብዙ መድኃኒቶችን ለተላመደ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና መስጠት የጀመረው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል አለ። በምዕራብ በኩልም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ የመሠረቱት፣ 705 ሄክታር ገደማ ስፋት ያለው የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ይገኛል። በአንድ ክፍለ ከተማ ውስጥ የቫይረስ ተመራማሪው፣ የሕፃናት ሐኪሙ፣ የሳንባ ነቀርሳ ባለሙያውና የዕፅዋት ተመራማሪው ጎረቤታሞች ናቸው ማለት ነው።

ወደ ፓስተር የሚመጣው ዜና ብዙውን ጊዜ የሩቅ አገር ዜና ነው። ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በተለይም በኦሞ ሸለቆ አካባቢ፣ የተቀሰቀሰው የቢጫ ወባ ወረርሽኝ ወደ 30 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ሕይወት እንደቀጠፈ ይገመታል። የፓስተር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ወረርሽኙን ካጠኑት መካከል ነበሩ። በዚያ ዘመን ወሬውም ሆነ የደም ናሙናው ከዚያ ሸለቆ ጉለሌ ለመድረስ ረጅም መንገድ ይጠብቀው ነበር።

ዛሬ ከታች ወደ ላይ የሚወጣው መረጃ የራሱ ሥርዓት አለው። ጤና ተቋማት በሳምንታዊ ሪፖርት የሚያሳውቋቸው በሽታዎች አሉ፤ እንዲሁም ጊዜ የማይሰጣቸውና ወዲያውኑ የሚነገሩ አሉ። ከዓለም ዙሪያ ወደ እኛ የሚመጣው፣ ከዚያም ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የሚሻገረው ዕውቀት ግን እንዲህ ያለ ቅጽ የለውም። የሚጓዘው በኮሪደር ላይ ወሬ፣ በሻይ ክበብ ጨዋታ፣ «ይህን አይተኸዋል?» በሚል አጭር መልእክት ነው።

ከደብዳቤ እስከ ኢሜይል

የሳይንስ ዜና በወዳጅ በኩል መድረሱ አዲስ ነገር አይደለም። በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት የአውሮፓ ሊቃውንት ግኝታቸውን የሚለዋወጡት በግል ደብዳቤ ነበር። የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ጸሐፊ የነበረው ሄንሪ ኦልደንበርግ በየአገሩ ካሉ ሊቃውንት ጋር ይጻጻፍ ነበር፤ በ1665 ከዓለም ቀደምት የሳይንስ መጽሔቶች አንዱ የሆነውን «ፊሎሶፊካል ትራንዛክሽንስ» ማሳተም ሲጀምርም ዋነኛ ግብዓቱ ከእነዚሁ ደብዳቤዎች የሚገኝ ነበር። በሌላ አነጋገር ሳይንሳዊ መጽሔት ራሱ ከወዳጆች የደብዳቤ ልውውጥ የተወለደ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ኢንተርኔት በኢትዮጵያ አገልግሎት የጀመረው በጥር ወር 1997 ነው። ይሁን እንጂ የኤሌክትሮኒክ መልእክት ከዚያ በፊትም ይታወቅ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ የሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን «ፓዲስ» በተሰኘው የመረጃ ማዕከሉ አማካይነት መልእክቶችን ሰብስቦ በስልክ መስመር ወደ ውጭ የሚልክና የሚቀበል አገልግሎት ይሰጥ ነበር። በጤናው መስክ ደግሞ «ሳተላይፍ» የተባለው መቀመጫው በአሜሪካ የሆነ ድርጅት «ሄልዝኔት» የሚል መረብ ዘርግቶ ኢትዮጵያን ጨምሮ በበርካታ የአፍሪካ አገሮች የሚገኙ የጤና ባለሙያዎችን ያገናኝ ነበር። መረቡ ከሚጠቀምባቸው መንገዶች አንዱ ከምድር 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትዞር አነስተኛ ሳተላይት ነበረች። ሳተላይቷ በምድር ጣቢያው አናት ላይ ስታልፍ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ የመጣውን ትሰጣለች፤ የሚሄደውን ትቀበላለች። ከዚያም ጉዞዋን ትቀጥላለች። በዚህ መንገድ ይሠራጩ ከነበሩት መካከል ከታዋቂ የሕክምና መጽሔቶች የተመረጡ ጽሑፎችን አሳጥሮ የሚያቀርበው «ሄልዝኔት ኒውስ» አንዱ ነበር። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ አንዱ አትሞ ለሌላው ቢያውሰው፣ ያም ለሦስተኛው ቢያሻግረው፣ የአንድ ሰው የኢሜይል አድራሻ ለብዙዎች የንባብ በር ይሆናል።

በ1994 «ፕሮሜድ» የተሰኘው የወረርሽኝ ዜና አገልግሎት በሰባት አገሮች በሚገኙ 40 ተመዝጋቢዎች ተጀመረ። ሳተላይፍም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መልእክቱን በማሠራጨት አግዞታል። ፕሮሜድ በየዕለቱ ከዓለም ዙሪያ የሚደርሱትን የሰው፣ የእንስሳትና የዕፅዋት በሽታ ዜናዎች የመስኩ ባለሙያዎች አጣርተውና ማብራሪያ አክለውበት ለተመዝጋቢዎች ይልካል። የተመዝጋቢዎቹም ቁጥር በጊዜ ሂደት ወደ አሥር ሺዎች ከፍ ብሏል።

የጎረቤት ጥያቄና የሳርስ ወረርሽኝ

የባልደረባ ጥቆማ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ለመረዳት በየካቲት ወር 2003 የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። በአሜሪካ የምትኖር አንዲት መምህርት በኢንተርኔት ከምታውቃቸው መምህራን መካከል በቻይና ጓንግዡ ከተማ ከሚኖር ሰው አንድ አስደንጋጭ ወሬ ትሰማለች። ወሬው በከተማው ሰዎች እየሞቱ፣ ሆስፒታሎችም እየተዘጉ ነው የሚል ነበር። መምህርቷ የቀድሞ ጎረቤቷ ለነበሩት ሐኪም ለስቴፈን ካኒየን «ስለዚህ ነገር ሰምተሃል?» ስትል ጻፈችላቸው። እርሳቸውም የፕሮሜድን የቀድሞ መልእክቶች ፈትሸው ምንም ስላላገኙ በዚያው ቀን፣ የካቲት 10፣ ጥያቄውን ለአገልግሎቱ ላኩ። ፕሮሜድም ጥያቄውን በሺዎች ለሚቆጠሩ ባለሙያዎች አሠራጨው። በማግሥቱ የዓለም ጤና ድርጅት ከቻይና መንግሥት ባገኘው ሪፖርት 305 ሰዎች መታመማቸውንና 5 ሰዎች መሞታቸውን አወቀ። ያ በሽታ ኋላ ሳርስ ተብሎ ተሰየመ፤ በወረርሽኙም በዓለም ዙሪያ 8,096 ሰዎች ታመው 774ቱ ሞቱ።

ከአሥራ ስድስት ዓመታት በኋላም ተመሳሳይ ነገር ተከሰተ። በታኅሣሥ ወር 2019 መጨረሻ የፕሮሜድ ምክትል አዘጋጅ ማርጆሪ ፖላክ በታይዋን ከሚገኝ የሥራ ባልደረባቸው ኢሜይል ደረሳቸው። መልእክቱ በቻይና ማኅበራዊ መገናኛ ስለ ዉሃን ከተማ የሳንባ ምች የሚወራውን የሚያመለክት ነበር። ፖላክ ተጨማሪ ምንጭ ፈልገው ካገኙ በኋላ ታኅሣሥ 30 መልእክቱን አወጡ። የቀረውን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በአገራችንም የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ መጋቢት 13 ቀን 2020 ይፋ ተደረገ።

በሁለቱም ታሪኮች ውስጥ አንድ የጋራ ነገር እናያለን። ዜናውን የጀመረው ተቋም አልነበረም፤ «ይህ ነገር ያንን ሰው ይመለከተዋል» ብሎ ያሰበ አንድ ሰው ነው። ኒውስሌተሩ የአንዱን ጥቆማ ለብዙዎች አበዛው። ያ ኒውስሌተር በአንድ ባለሙያ ሣጥን ውስጥ መግባቱ ራሱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሌላ ባልደረባ ጥቆማ ውጤት ነው።

ጥቆማ ለምን ይሠራል?

ተመራማሪዎች ይህን ጉዳይ ከግማሽ መቶ ዓመት በላይ አጥንተውታል። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ምሁር የነበሩት ቶማስ አለን በምርምር ተቋማት ውስጥ መሐንዲሶች ዕውቀት ከየት እንደሚያገኙ መርምረዋል። በ1977 ባሳተሙት መጽሐፍ ካሰፈሯቸው ውጤቶች ሁለቱ እዚህ ሊጠቀሱ ይገባል። አንደኛው በየተቋሙ ከሌሎች ይበልጥ የሚያነቡና ከውጭ ሰዎች ጋር የሚገናኙ ጥቂት ሰዎች መኖራቸው ነው። የቀሩት ባልደረቦች ሲቸግራቸው የሚሄዱት ወደ እነርሱ ነው፤ አለን እነዚህን ሰዎች «በረኞች» ብለው ሰይመዋቸዋል። ሁለተኛው የርቀት ነገር ነው። የሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ሲራራቅ ስለ ሥራ የመነጋገራቸው ዕድል በፍጥነት እየቀነሰ ይሄዳል፤ በመካከላቸው 50 ሜትር ያህል ካለ በኋላ በጣም አነስተኛ ይሆናል። በአንድ ግቢ ውስጥ ያሉ ሁለት ሕንፃዎች እንደ ሁለት አገር ሊራራቁ ይችላሉ ማለት ነው።

በ1973 ደግሞ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁሩ ማርክ ግራኖቬተር ሌላ አስገራሚ ነገር አሳዩ። በሰው ጥቆማ ሥራ ያገኙ ባለሙያዎችን ጠቋሚውን ምን ያህል ጊዜ ያገኙት እንደነበር ጠየቋቸው። ዘወትር እናገኘው ነበር ያሉት 16.7 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ 55.6 በመቶዎቹ አልፎ አልፎ፣ 27.8 በመቶዎቹ ደግሞ ከስንት አንድ ጊዜ ብቻ ከሚያገኙት ሰው ነበር የሰሙት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የቅርብ ወዳጃችን የሚያውቀውን እኛም እናውቀዋለን፤ አዲስ ወሬ የሚያመጣልን በሌላ ሰፈር የሚውለው የሩቅ ወዳጃችን ነው።

እነዚህን ግኝቶች ወደ ጉለሌ ብናመጣቸው ትርጉማቸው የሚጨበጥ ይሆናል። በቤተ ሙከራ የሚሠራ ባለሙያ ስለ ቤተ ሙከራ ኒውስሌተሮች ከጎኑ ከተቀመጠው ሰው መስማቱ አይቀርም። ስለ እንስሳት ጤና፣ ስለ አየር ጠባይ ወይም ስለ ውኃ የሚያወሱትን ግን ሊሰማ የሚችለው ከሌላ ክፍል ወይም ከሌላ መሥሪያ ቤት ከሚመጣ ሰው ብቻ ነው። ወረርሽኝም የሚነሣው ብዙውን ጊዜ በእነዚህ መስኮች ድንበር ላይ ነው።

አንድ ምሳሌ — በከተማ የምትራባው የወባ ትንኝ

ስለዚህ ድንበር አንድ የአገራችንን ምሳሌ እንጥቀስ። በኢትዮጵያ የወባ ነገር ሲነሣ ለብዙ ዘመን በሐሳባችን የሚመጣው ረግረግ፣ ኩሬና የገጠር ቆላ ነበር። በ2016 ግን በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ከተማ አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች፣ መነሻዋ እስያ የሆነ የወባ ትንኝ ተገኘች፤ ግኝቱም በ2018 በጥናታዊ መጽሔት ታተመ። ይህች ትንኝ ከሌሎቹ የምትለየው በከተማ ውስጥ በውኃ ማጠራቀሚያ ገንዳ፣ በበርሜልና በሕንፃ ግንባታ ጉድጓዶች በሚገባ የምትራባ በመሆኗ ነው። በ2019 የዓለም ጤና ድርጅት ስለ ትንኟ መስፋፋት ማስጠንቀቂያ አወጣ። በ2022 በድሬዳዋ የወባ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜም ተመራማሪዎች ትንኟ በወረርሽኙ ውስጥ ድርሻ እንደነበራት የሚያሳይ ማስረጃ አቀረቡ።

ይህን ዜና መስማት የነበረበት ማን ነው? የትንኝ ተመራማሪው እንደሚሰማው አያጠራጥርም። ነገር ግን ትንኟን ለመቆጣጠር ገንዳ የሚከድነው፣ የሕንፃ ሥራ የሚቆጣጠረው፣ ውኃ በፈረቃ የሚያከፋፍለው ሰውም ዜናው ያስፈልገዋል። እነዚህ ሰዎች የትንኝ ሥነ ሕይወት ኒውስሌተር ለማግኘት በኢንተርኔት አይፈልጉም። አንድ ተመራማሪ ለአንድ የውኃ መሐንዲስ ወዳጁ «ይህ አንተንም ይመለከትሃል፤ ሁለተኛውን አንቀጽ ብቻ አንብበው» ብሎ ቢልክለት ግን ማንም ያላቀደው ድልድይ ይሠራል።

«ይወራል» እና «አየሁ»

ይሁን እንጂ የባልደረባ ጥቆማ ሁሉ ጥሩ ነው ማለታችን አይደለም። ጥቆማ መልካሙን እንደሚያሻግር ሁሉ ክፉውንም ያሻግራል። ከ1950ዎቹ በተወሰደ አንድ ዝነኛ ጥናት በአሜሪካ ኢሊኖይ የሚገኙ ሐኪሞች አንድን አዲስ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ማዘዝ የጀመሩት ከባልደረቦቻቸው በመስማት እንደነበረ ተደምድሞ ነበር። በ2001 ሌሎች ተመራማሪዎች ያንኑ መረጃ እንደገና ሲመረምሩ ግን የመድኃኒት ኩባንያዎች ማስታወቂያ ሲታከልበት የባልደረባ ተጽዕኖ የመሰለው ጠፋ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ከባልደረባችን አፍ የሰማነው ነገር ከሻጭ አፍ የወጣ ሊሆን ይችላል። በእኛም ዘንድ ገንዘብ ተቀብለው ያለ በቂ ምርመራ ጽሑፍ የሚያትሙ መጽሔቶች በማር የተለወሰ መልእክት በኢሜይል ይልካሉ፤ አንዳንዱም በቅንነት ለጓደኛው ያስተላልፈዋል።

ስለሆነም አዲስ ኒውስሌተር ሲጠቆመን አምስት ጥያቄዎችን ማንሳት ይበጃል። አዘጋጁ ማን ነው? ገንዘቡስ ከየት ይመጣል? ለሚያቀርበው ዜና ዋናውን ምንጭ ያመለክታል ወይ? በሥራው የተረጋገጠውን «ይወራል» ከሚባለው ይለያል ወይ? ሲሳሳትስ እርማት ያወጣል ወይ? የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ጥያቄዎች የዳጉ ሥርዓት ከእኛ በፊት ጠይቋቸዋል። በተጨማሪም ለመመዝገብ ከኢሜይል አድራሻ በላይ የይለፍ ቃል ወይም የባንክ ቁጥር የሚጠይቅ ካለ ፊታችንን ማዞር ይገባናል።

ሌላው ጥንቃቄ በአንድ ምንጭ ላይ ብቻ አለመደገፍ ነው። ፕሮሜድ ራሱ በ2023 በገንዘብ እጥረት ምክንያት ክፍያ ለመጠየቅ መወሰኑን ሲያስታውቅ ከአዘጋጆቹ አንዳንዶቹ ሥራ አቁመው እንደነበር ይታወሳል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል የሚያሳትመው ሳምንታዊ የሕመምና የሞት ሪፖርትም በጥር ወር 2025 በመንግሥት ትእዛዝ ለሁለት ሳምንታት ሳይወጣ ቀረ፤ ከስድሳ ዓመታት በላይ እንዲህ ያለ መቋረጥ አልገጠመውም ነበር። አንድ ጉድጓድ ሲደርቅ ሌላውን የሚያሳይ ሰው የሌለው መንገደኛ ይጠማል።

ከየት እንጀምር?

ለጀማሪዎች ጥቂት መነሻዎችን ብንጠቁም ከርእሳችን አንወጣም። በወረርሽኝ ጉዳይ የዓለም ጤና ድርጅት የሚያወጣው የወረርሽኝ ዜና፣ በዚሁ በአዲስ አበባ መቀመጫውን ያደረገው የአፍሪካ በሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል የሚያወጣው መረጃና የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩታችን የሚያሳትማቸው ሪፖርቶች ቀዳሚዎቹ ናቸው። ስለ አጠቃላይ ሳይንስ «ኔቸር ብሪፊንግ» የሚባለው ዕለታዊ ኒውስሌተር በነፃ ይገኛል። ሳይንስን ከልማት ጋር አያይዞ ለሚከታተል ሰው «ሳይዴቭ ኔት» አለ። ተአማኒነታቸው ተፈትሾ የተሰረዙ ጥናቶችን ለማወቅ የሚሻ ደግሞ «ሪትራክሽን ዎች» የሚያወጣውን ቢከታተል ይጠቀማል። በእነዚህ የተጠቆመውን ሙሉ ጽሑፍ ማንበብ የሚፈልግ በ2002 በዓለም ጤና ድርጅትና በአሳታሚዎች ትብብር የተጀመረውን «ሂናሪ» በተቋሙ ቤተ መጻሕፍት በኩል መጠየቅ ይችላል።

ከዝርዝሩ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የመጠቆም ባህል ነው። ጥሩ ጥቆማ ሦስት ነገሮችን ይይዛል። ለማን እንደሚሆን፣ ጠቋሚው ራሱ ምን እንደተጠቀመበትና ምን እንደሚጎድለው። «ጥሩ ነው፤ ተመዝገብ» የሚለው ቃል ሣጥንን ይሞላል እንጂ አእምሮን አይሞላም። «የቢጫ ወባ ዜና ቶሎ ያደርሳል፤ ስለ እንስሳት ያለው ግን ቀጭን ነው» የሚለው ግን ለባልደረባ ጊዜ መቆጠብ ነው።

በየክፍላችን ልንሞክራቸው የሚገቡ ቀላል ነገሮችም አሉ። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር በመጀመሪያው ሳምንት ለእያንዳንዱ ባልደረባ «አንተ ምን ታነባለህ?» ብሎ እንዲጠይቅ ማድረግ ይቻላል፤ እርሱም ከመጣበት ቦታ ያመጣውን እንዲናገር መጠየቅ አለበት። በወር አንድ ጊዜ ከሌላ ክፍል አንድ ሰው ጋብዞ ሻይ እየተጠጣ የሚያነበውን ለሩብ ሰዓት እንዲያወጋ ማድረግም ወጪ አይጠይቅም። ኢንተርኔት በሚቋረጥበት ወይም በማይደርስበት ሥፍራ ደግሞ ከኒውስሌተሩ የተመረጠውን አንድ ገጽ አትሞ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ አሁንም ዋጋ አለው።

እዚህ ላይ የቋንቋ ጉዳይ መነሣት አለበት። ከላይ ከጠቀስናቸው አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ የሚወጡ ናቸው። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ያሰማራቸው ባለሙያዎች ግን ከነዋሪው ጋር የሚነጋገሩት በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛና በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች ነው። ስለዚህ በጉለሌ ያለ ባለሙያ ጥቆማ በእውነት ጥቆማ የሚሆነው በሦስት ዐረፍተ ነገር በአገሩ ቋንቋ ሲቀመጥ ነው። ይህ ሥራ አነስተኛ ቢመስልም የኒውስሌተሩን አዘጋጅ ድካም ፍሬ የሚያስገኘው እርሱ ነው።

ከጂንካ እስከ ጉለሌ

በኅዳር ወር 2025 በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በጂንካ ከባድ የደም መፍሰስ ትኩሳት የተጠረጠረባቸው ሕመምተኞች ተገኙ። ናሙናው በኢንስቲትዩቱ ቤተ ሙከራ ተመርምሮ በሽታው በአገራችን ከዚያ በፊት ታይቶ የማያውቀው ማርበርግ መሆኑ በ14ኛው ቀን ይፋ ተደረገ። ጂንካ በዚያው በኦሞ ሸለቆ አካባቢ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ከስድሳ ዓመታት በፊት የቢጫ ወባው መርዶ ከመጣበት ምድር ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ግን ዜናው በወረርሽኝ ኒውስሌተሮች አማካይነት በዓለም ዙሪያ ወደሚገኙ ባለሙያዎች ወዲያውኑ ደርሷል።

ፍጥነቱን ያመጡት ሳተላይት፣ ኬብልና ኮምፒዩተር መሆናቸው አይካድም። ሆኖም በእነዚህ መሣሪያዎች ላይ የሚጓዘው ዜና ከሚመለከተው ሰው ዐይን ሥር የሚገባው «ይህን አይተኸዋል?» የሚል ባልደረባ ሲኖር ነው። ጠቃሚ ንባብ አግኝቶ ለብቻ መያዝ እህልን በጎተራ ማኖር ነው፤ ለሌላው መጠቆም ደግሞ መዝራት ነው። ውድ አንባብያን፣ በዚህ ሳምንት ከሌላ ክፍል የምታውቁትን አንድ ሰው «ምን ታነባለህ?» ብላችሁ እንድትጠይቁ፣ የምታነቡትንም አንድ ነገር እንድትነግሩት በትሕትና እንጋብዛለን።

ቸር ወሬ ያሰማን።